ነፃ ገበያን ያሰቡት ሰዎች ለነጋዴ ያደሉ ነበሩ? ከሐዋሳ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«መምህር፣ እንደምን አሉ? ያደግኩት ሐዋሳ ነው። እናቴ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ጠብሳ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። አሁን የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር የዓሣ ዋጋ ይሰቀላል፤ ቤታችንም ክርክር ይነሳል። አጎቴ ‹ነፃ ገበያ ነው፣ ምን ይደረጋል› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹ነፃ ገበያ ማለት ያለው የሌለውን የሚግጥበት ነው፤ መንግሥት ዋጋ ይቁረጥልን› ትላለች። ይህን ሃሳብ ያመጡት ሰዎች እነማን ናቸው? እውነት ለነጋዴ ያደሉ ነበሩ? ማንን ከማን አስቀድሜ ላንብብ?»

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክን እዚሁ ሐዋሳ ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ለፈተና የሚሆነውን ነው። አንቺ ያመጣሽው ግን የቤት ክርክር ነው፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ ነው የምመልስልሽ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አስቀድሜ ቁርጡን ልንገርሽ። እናትሽ ስለ ነጋዴ የምትለውን አዳም ስሚዝ ራሱ ብሎታል፤ ያውም ከእሷ በከረረ ቃል። ዋጋ መቁረጥን በተመለከተ ደግሞ አጎትሽ የያዘው ነገር አለ፤ ግን ለምን እንደሆነ አላስረዳሽም። «ነፃ ገበያ ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም።

ሰው «ነፃ ገበያ» ሲባል ባንክና አክሲዮን ይታየዋል። ሃሳቡ የተወለደው ግን በእህል ክርክር ነው። በዳቦ። «ድሃው እንዳይራብ እህሉን ማን ይያዘው? ዋጋውን ማን ይቁረጠው?» ከሚለው ጥያቄ። እናትሽ ያነሳችው ጥያቄ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ፓሪስ ላይ መንግሥት ያናወጠው ጥያቄ ነው።

(የውጭውን ታሪክ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።)

ከፓሪስ በፊትም ያሰቡ ነበሩ፤ መማሪያ መጻሕፍት ስለሚዘሏቸው ስማቸውን ልንገርሽ። የቱኒሱ ተወላጅ ኢብን ኻልዱን በ1377 በጻፈው «መቅድም» በሚባለው መጽሐፉ ላይ ገዢ ራሱ ነጋዴ ሲሆን ሕዝቡን እንደሚጎዳና የግብር ገቢውንም እንደሚያደርቅ ገልጿል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጋዴ ከነጋዴ ይወዳደራል፤ ከገዢው ጋር ማን ይወዳደራል? በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ በስፔን ሳላማንካ የነበሩ የሃይማኖት መምህራን «ትክክለኛ ዋጋ የቱ ነው?» ብለው ተከራክረዋል። ብዙዎቹ የደረሱበት መልስ፣ ማታለልና ሞኖፖል (አንዱ ገበያውን ብቻውን መያዙ) በሌለበት ገበያ ሰው በጋራ የሚሰጠው ግምት ነው የሚል ነበር። ከእነሱ አንዱ ማርቲን ደ አስፒልኩዌታ በ1556 ገንዘብ ሲበዛ ዕቃ እንደሚወደድ ጽፏል። ከአሜሪካ የመጣው የብር ማዕድን ስፔንን ሲያጥለቀልቃት በዓይኑ አይቶ ነው። ይህን ነጥብ ያዢው፣ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ፈረንሳይ። በ18ኛው መቶ ዘመን እዚያ እህል ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ለመውሰድ ፈቃድ፣ ኬላና ቀረጥ ነበረበት። ዳቦ ስንት ይሸጥ የሚለውን ሹማምንት ይቆጣጠሩ ነበር። ሕጉ የወጣው ሕዝብ እንዳይራብ ነው። ውጤቱ ግን አንዱ አውራጃ እህል ተርፎት፣ ጎረቤቱ መራቡ ነበር። «እህሉን ልቀቁት» ብለው የተነሱት ፊዚዮክራት የሚባሉት ናቸው። አለቃቸው ፍራንሷ ኬኔ የንጉሥ ሉዊ 15ኛ ሐኪም ነበር። ሀብት በአገር ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በ1758 ያወጣ እሱ ነው። ሐኪም መሆኑ የረዳው ይመስለኛል፤ አገርን ደም እንደሚዘዋወርበት ገላ ነው ያየው። «ሌሴ ፌር» የሚለው ዝነኛ ቃልም ከዚህ ዘመን የወጣ ነው። ተዉት፣ ይሥራ፣ ማለት ነው።

ከእነሱ ጋር የሚቀራረብ አን ሮበርት ዣክ ቱርጎ የሚባል ሰው ነበር። እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሊሞዥ አካባቢ አስተዳዳሪ ሳለ ረሃብ ሲገባ ለድሆች ሥራ ያደራጀ ሰው ነው። በ1774 የመንግሥት ገንዘብ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። መስከረም ላይ የእህል ንግድን ነፃ አደረገ። መኸሩ ግን ያን ዓመት ከፋ። በ1775 ጸደይ ዳቦ ተወደደ፣ በፓሪስ ዙሪያ ሕዝብ ተነሳ፣ መጋዘን ተሰበረ፣ ዱቄት ተዘረፈ። ታሪክ «የዱቄት ጦርነት» ይለዋል። ሠራዊት ወጣ። ቱርጎ ግርግሩን አልፎት ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን የገበሬውን የግዴታ ሥራና የሙያ ማኅበራትን ሞኖፖል ሲያስቀር ባለጥቅሞች ሁሉ ተባበሩበት። ግንቦት 1776 ከሥልጣን ተባረረ።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ቱርጎን የጣሉት ሃብታሞችና ባለመብቶች ናቸው። የሙያ ማኅበሩ አለቃ፣ መኳንንቱ፣ ፍርድ ቤቱ። ነፃ ገበያን የጠሉት በገበያው ውስጥ የተከለለ ቦታ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ያም ሆኖ ቱርጎ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ በሃሳቡ ሳይሆን በጊዜው። ሊሞዥ ላይ ለድሃ ያደረገውን ፓሪስ ላይ አስቀድሞ አላዘጋጀም። የተራበ ሰው ለገበያው ጊዜ እንዲሰጥ አይጠየቅም።

ቱርጎ ከመባረሩ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 1776፣ ለንደን ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ታተመ። «የሀገራት ሀብት» ነው። ደራሲው አዳም ስሚዝ፣ በ1723 ኪርኮዲ በምትባል ትንሽ የስኮትላንድ የባሕር ዳር ከተማ የተወለደ፣ ግላስጎው ላይ የግብረገብ ፍልስፍና ያስተማረ ሰው ነው። ፈረንሳይ ሄዶ ኬኔንና ቱርጎን አግኝቷቸዋል። የመጀመሪያ መጽሐፉ ግን ስለ ገበያ አልነበረም። በ1759 የወጣው መጽሐፍ ሰው ለሌላው ሰው ስለሚሰማው ርኅራኄ ነው። ስሚዝን «ስግብግብነት ጥሩ ነው ያለ» የሚሉ ሰዎች ይህን መጽሐፍ አልገለጡትም።

አንድ ነገር ላሳይሽ። በ«የሀገራት ሀብት» የመጀመሪያው ክፍል አራተኛ ምዕራፍ ላይ ስለ ገንዘብ አመጣጥ ሲያወራ አገራችንን ይጠራል። በአቢሲኒያ መገበያያው ጨው ነው ይባላል ይላል። የእኛን አሞሌ ነው የሚያወራው! እዚያው ቦታ ላይ በስኮትላንድ አንድ መንደር ሠራተኛ በገንዘብ ፋንታ ምስማር ይዞ ዳቦ ሊገዛ እንደሚሄድ ሰምቻለሁ ይላል። የእኛን አሞሌና የራሱን አገር ምስማር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ስሚዝ ገበያን የፈረንጅ ነገር አላደረገውም። መለዋወጥ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው ባይ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ገጽ ሲያነቡ ፊታቸው ሲፈካ አያለሁ።

ዝነኛው አባባሉን ሳትሰሚው አትቀሪም። እራታችንን የምናገኘው ከሥጋ ሻጩ፣ ከጠማቂውና ከጋጋሪው ቸርነት ሳይሆን ለራሳቸው ጥቅም ከማሰባቸው ነው ይላል። አጎትሽ የሚጠቅሰው ይህን ይሆናል። እናትሽ የምትጠቅሰው ደግሞ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። የአንድ ሙያ ሰዎች ለመዝናናት እንኳ ተገናኝተው ወሬያቸው በሕዝብ ላይ በሚደረግ ሴራ ወይም ዋጋ ለማስወደድ በሚዘየድ ዘዴ ሳያልቅ የሚቀረው ከስንት አንዴ ነው ይላል። ስሚዝ መጽሐፉን የጻፈው በዚያ ዘመን ከነበረው የነጋዴና የመንግሥት ሽርክና ጋር ሊጣላ ነው። አንድ ኩባንያ ለአንድ አህጉር ንግድ ብቸኛ ፈቃድ የሚወስድበት ዘመን ነበርና። ጥያቄሽን ባጭሩ ልመልስ ካልኩ፦ አይ፣ ለነጋዴ አላደላም። የቆመው ለበላተኛው ነው። ነጋዴውን ልክ የሚያስይዘው ሌላ ነጋዴ ነው ብሎ ስላመነ ብቻ ነው «ልቀቁት» ያለው።

ስለ እህል ነጋዴ ግን ከእናትሽ ጋር አይስማማም። ሕዝብ እህል አከማቺን የሚፈራው ጠንቋይን እንደሚፈራው ነው ይላል። ምክንያቱን ልብ በይ። መኸሩ ሲያንስ ነጋዴው ቀድሞ ዋጋ ከጨመረ፣ ሰው ቀድሞ መቆጠብ ይጀምራል። መርከብ ላይ ምግብ እንደሚያልቅ ያወቀ ካፒቴን ራሽኑን ቀድሞ እንደሚቀንሰው ነው። ዋጋው በግድ ዝቅ ካለ ግን እህሉ እስከ መንፈቅ አልቆ፣ የቀረው ጊዜ ረሃብ ይሆናል።

ከስሚዝ በኋላ ያሉትን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 አንድ የሚገርም ነገር በቁጥር አሳየ። ፖርቱጋል ጨርቁንም ወይኑንም ከእንግሊዝ ባነሰ ጉልበት ትሠራለች እንበል፤ ጨርቁን በ90 ሰው፣ ወይኑን በ80። እንግሊዝ ጨርቁን በ100፣ ወይኑን በ120። እንዲያም ሆኖ ፖርቱጋል ወይን ላይ፣ እንግሊዝ ጨርቅ ላይ ብታተኩርና ቢለዋወጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ወረቀት አውጥተሽ ራስሽ አስልተሽ እይው። የሪካርዶ ተከታዮች ክርክርም እንደገና በእህል ላይ ነበር። እንግሊዝ ከውጭ በሚገባ እህል ላይ ከባድ ቀረጥ ጥላ፣ ባለርስቱ ሲከብር የፋብሪካ ሠራተኛው ዳቦ ተወዶበት ነበር። ሪቻርድ ኮብደንና ጆን ብራይት ከማንቸስተር ተነስተው ዓመታት ታገሉ፤ በ1846 ሕጉ ተሻረ። የዚያን ጊዜ ነፃ ንግድ የርካሽ ዳቦ መፈክር እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ባስቲያ በዚያው ሰሞን አጫጭር ጽሑፎች ጻፈ። ሻማ ሠሪዎች «ፀሐይ በነፃ እያበራች ገበያችንን ቀማችን፣ መስኮት ሁሉ ይዘጋልን» ብለው አቤቱታ ሲያቀርቡ የሚያሳየውን አንብቢው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በ1871 ደግሞ ቪየና ላይ ካርል ሜንገር፣ እንግሊዝ ላይ ዊልያም ጄቮንስ፣ ትንሽ ቆይቶ ስዊዘርላንድ ላይ ሌዮን ዋልራስ፣ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ላይ ደረሱ። የዕቃ ዋጋ የፈሰሰበት ጉልበት ድምር ሳይሆን፣ ሰው ለመጨረሻዋ ቁራጭ የሚሰጠው ግምት ነው አሉ። ውኃ ሕይወት ሆኖ ሳለ የሚረክሰው፣ አልማዝ ጌጥ ሆኖ ሳለ የሚወደደው ለዚህ ነው። ያው ዓሣ፣ ያው አጥማጅ፣ ያው ድካም፤ ጾም ሲገባ ግን ፈላጊው ይበዛል። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው።)

አሁን የክርክርሽ እምብርት ላይ ደረስን። በ1920 የኦስትሪያው ሉድቪግ ፎን ሚዝስ፣ ማዕከላዊ ዕቅድ አውጪ የገበያ ዋጋ ከሌለው ምን ከምን እንደሚሻል ማስላት አይችልም ብሎ ጻፈ። ፍሪድሪክ ሃየክ በ1945 ይህን አስፍቶ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ፤ በኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው የዕውቀት አጠቃቀም። እኔን ኢኮኖሚክስ ላይ ያስቀረኝ ይህ ጽሑፍ ነው። ሃየክ እንዲህ ይላል። ገበያ የሚያስፈልገው ዕውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ የለም። በሺህ ሰው ጭንቅላት ተበታትኗል። ዋጋ ያንን የተበታተነ ዕውቀት የሚያስተላልፍ መልእክት ነው። የእሱ ምሳሌ ቲን የሚባለው ማዕድን ነበር፤ የእኛ ዓሣ ይሁን።

ማለዳ አሞራ ገደል ውረጂ። ጀልባ ይገባል፣ መረቡ ይፈታል፣ አባ ኮዳዎቹ ከወዲያ ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። አጥማጁ ሌሊት ነፋሱ እንዴት እንደነበር ያውቃል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዛሬ ለምን እንዳነሰ ያውቃል። ወጣቱ በቢላ ቆዳውን እየገፈፈ ስንት ሆቴል ትእዛዝ እንደላከ ያውቃል። ዓሣ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ሹፌር በረዶ ስንት እንደገባ ያውቃል። እናትሽ ደግሞ ደንበኞቿ ስንት ብር ሲሆን ፊታቸውን አዙረው ሽሮ እንደሚያዙ ታውቃለች። ይህን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው የለም፤ ቢሮም የለም። ዋጋው ሲወጣ ግን ሁሉም ይሰማል። አጥማጁ አንድ ዙር ይጨምራል። የዝዋይ ዓሣ ነጋዴ ፊቱን ወደዚህ ያዞራል። አንዱ ቤተሰብ ዓሣውን ትቶ ምስር ይሠራል። ማንም አላዘዘም።

ዋጋው በአዋጅ ቢቆረጥስ? ፈላጊው ያው ብዙ ነው፣ ዓሣው ያው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዓሣው የሚከፋፈለው በዋጋ ሳይሆን በትውውቅ ይሆናል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የሚደውል ሆቴል ይወስዳል። እናትሽ አንድ ሰዓት ላይ ስትወርድ ያለቀ ይሆናል። በወረቀት ረክሶ፣ በእጅ አይገኝም።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ልጅነቴ ናዝሬት ነው፣ የዛሬዋ አዳማ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አያቴ ከአርሲ በአውቶቡስ ስትመጣ ጤፍ ትይዝ ነበር። ብዙ አይደለም፣ ለእኛ ለልጆቹ። አንድ ጊዜ ኬላ ላይ ጆንያዋን አስወረዷት። «የቤት ነው» ብትል አልሰሙም። እኔና እህቴ መናኸሪያ ቆመን ስንጠብቃት ባዶ እጇን ወረደች። ነጠላዋን አጣጥፋ ክንዷ ላይ ይዛው ነበር፣ ጆንያው የነበረበት ክንድ ላይ። ምንም አላለችንም። ያን ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህል በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ከገበሬው ይሰበስብ ነበር፤ የግል ነጋዴ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳያዘዋውር ኬላ ተጥሎ ነበር። ዓላማው ያው የፈረንሳዮቹ ነበር፣ የከተማው ሕዝብ በርካሽ እንዲበላ። የሆነውም ያው ነው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ራሱ ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ኮታውም ኬላውም ተነሳ። ሃየክን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳነብ የታየኝ የአያቴ ክንድ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ሥጋ፣ ዘይትና ስኳርን ጨምሮ በብዙ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አስቀመጠ። ከወራት በኋላ አብዛኛውን አነሳው። እናትሽ ያን ጊዜ ዘይት ፍለጋ ስንት ሱቅ እንደዞረች ጠይቂያት።

ሃየክን ስታነቢ አንድ ነገር ልብ በይ። በ1944 ባወጣው «የባርነት መንገድ» ውስጥ እንኳ መንግሥት ለዜጋ ዝቅተኛውን የምግብ፣ የመጠለያና የልብስ ዋስትና መስጠቱን አይቃወምም። የሚቃወመው ዋጋን መንካት ነው። ድሃን መርዳት ሌላ፣ መልእክቱን መስበር ሌላ። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሚልተን ፍሪድማንም በ1962 ለዝቅተኛ ገቢ ሰው መንግሥት በቀጥታ ገንዘብ ይስጠው የሚል ሃሳብ አቅርቧል። ፍሪድማን በ1975 ቺሌ ሄዶ የፒኖቼን ወታደራዊ መንግሥት መምከሩን ግን አላልፈውም። ስለ ነፃነት የሚጽፍ ሰው ሰው ለሚያሰቃይ ገዢ ምክር መስጠቱ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ይህን አውቀሽ አንብቢው።

ከፍሪድማን ለቤታችሁ የሚጠቅመው የገንዘብ ትምህርቱ ነው። የአስፒልኩዌታን ነጥብ ያዢ ብዬሽ ነበር። የአንድ ዕቃ መወደድና የሁሉም መወደድ የተለያየ በሽታ ነው። ዓሣ በሁዳዴ ወጥቶ ከፋሲካ በኋላ ከተመለሰ፣ ያ መልእክት ነው። ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ከሰሉ፣ የቤት ኪራዩ አብረው ወጥተው ካልተመለሱ ግን ችግሩ አጥማጁ ዘንድ የለም። ብር ራሱ ነው የረከሰው። እናትሽ በአጥማጁ ላይ የምታማርረው ምሬት ግማሹ የብሩ ምሬት ይመስለኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ሁለቱን መለየት ይበልጥ ከብዷል።

አሁን ወደ እናትሽ ወገን ልሻገር፤ እዚያም ትልልቅ አሳቢዎች አሉ።

አንደኛው ጥያቄ ውድድሩ ነው። ጀርመን ውስጥ በቫልተር ኦይከን ዙሪያ የተሰበሰቡ ምሁራን፣ ገበያ ብቻውን ከተተወ ጉልበተኞች ተስማምተው ይዘጉታል፣ ስለዚህ መንግሥት ዋጋውን ሳይሆን ውድድሩን ይጠብቅ አሉ። የምዕራብ ጀርመንን ኢኮኖሚ ይመራ የነበረው ሉድቪግ ኤርሃርድ ሰኔ 1948 አዲሱ ገንዘብ፣ ማርክ፣ ሲወጣ ብዙውን የዋጋ ቁጥጥር አብሮ አነሳ። ባዶ የነበሩ የሱቅ መደርደሪያዎች በቀናት ውስጥ ሞሉ። ዋጋ ግን ናረ፤ በኅዳር ሠራተኛው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ኤርሃርድ ጸና፣ ኋላ ላይም ሞኖፖልን የሚከለክል ሕግ አወጡ። አሞራ ገደል ላይም የምጠይቀው ይህን ነው። ዓሣውን የሚረከቡት ስንት ናቸው? አጥማጁ ለመረብ መግዣ ከአንድ ሰው ተበድሮ፣ ዓሣውን ለዚያው ሰው ብቻ የሚያስረክብ ከሆነ፣ ያ ዋጋ የሃየክ መልእክት አይደለም። ስሚዝ የፈራው ሴራ ነው።

ሁለተኛው ሐይቁ ነው። ስኮት ጎርደን የሚባል ካናዳዊ ኢኮኖሚስት በ1954 ስለ ዓሣ ማጥመድ ጽፏል። ባለቤት የሌለው ውኃ ላይ ዋጋ ሲወጣ ሁሉም ይሽቀዳደማል፤ እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል ብሎ። ዋጋው ገና ስላላደገው ዓሣ ምንም አይናገርም። መረቡ እየጠበበ ይሄዳል። የሐዋሳ ሐይቅ ይህን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ጫጩቱ ሲወጣ ለሚመጣው ሁዳዴ የሚቀር የለም። ለዚህ መፍትሔው የግድ ዘበኛ ወይም የግል ባለቤት አይደለም ያለችው ኤሊኖር ኦስትሮም ናት። በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ አጥማጆችና ገበሬዎች ራሳቸው ሕግ አውጥተው፣ ራሳቸው እየተጠባበቁ የጋራ ሀብታቸውን ለብዙ ዘመን ያቆዩባቸውን ቦታዎች አሳይታለች። በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ስትሸለም የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። አንቺ ከሐይቅ ዳር ያደግሽ ልጅ ስለሆንሽ ከሁሉ ይልቅ እሷ የምትስማማሽ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ባወጣው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ስለ እኛ ነው። በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የሄደበት ጊዜ ነበር። ለምን? የተራበው ገበሬ ከብቱም መኸሩም አልቆ የሚገዛበት ብር አልነበረውም። ገበያ የሚሰማው ብር ያለውን ሰው ድምፅ ነው። ዋጋ መልእክት ነው ብያለሁ፤ ግን ምንም የሌለው ሰው በዚያ መልእክት ውስጥ ድምፅ የለውም። እናትሽ «ያለው የሌለውን ይግጠዋል» ስትል የምትናገረው ይህን ነው። ሴን የገበያ ጠላት አይደለም። የሚለው፣ የተራበ ሰው እጅ ላይ የሚገዛበት ነገር አድርጉለት ነው። ቱርጎ ሊሞዥ ላይ ያደረገውን ማለት ነው።

የእኛንም ሰው አንርሳ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በንግዱ እየደኸየ ይሄዳል ብሎ ጽፏል። ከሪካርዶ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አንብቢያቸውና ማን እንደረታሽ ጻፊልኝ። የሲዳማን ቡና እያሰብሽ አንብቢ።

የንባብ ቅደም ተከተል ጠይቀሻል። ከባስቲያ ሻማ ሠሪዎች ጀምሪ፣ ለመሟሟቅ። ቀጥሎ የሃየክን የ1945 ጽሑፍ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ የስሚዝን የመጀመሪያ ክፍል አራት ምዕራፎች፣ አሞሌያችን እስካለበት ድረስ። ሪካርዶና ገብረ ሕይወት ጎን ለጎን። ከዚያ የሴን የወሎ ምዕራፍ። ፍሪድማንና ሚዝስ ቢቆዩ ግድ የለም። ኦስትሮምን ለክረምት አቆይያት፣ ወፍራም ነች።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። ደብተር ያዢ። ከሁዳዴ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምረሽ ከፋሲካ በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ እናትሽ ዓሣውን ስንት እንደገዛች በየቀኑ ጻፊ። ከማን እንደገዛችም፣ ስንት ሻጭ እንደነበረም፣ ዓሣው በእጅሽ ሲለካ ስንት ስንዝር እንደሆነም። ጎን ለጎን የዘይቱንና የሽንኩርቱን ዋጋ መዝግቢ። ሲያልቅ ይዘሽልኝ ነይ፤ እናትሽም ከተመቻት አብራ ትምጣ። ቁጥሩን ሦስታችን ቁጭ ብለን እናየዋለን።